ዝናብ ሲመጣ «ቤቶች!» የምትል በቀቀን

መቱ ተከራይቼ በኖርኩባቸው ዓመታት ሰማዩ ከሶር ወንዝ በኩል ሲጠቁር ጎረቤቱ ሁሉ ያሰጣውን ቡና ለማንሳት ይሮጣል፣ እኔ ደግሞ ወፍ ለመሸሸግ እሮጣለሁ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ነበር። ከብት እከትባለሁ፣ በግ መድኃኒት አጠጣለሁ፣ ምጥ የጠናባትን ላም አዋልዳለሁ። ስለ በቀቀን የተማርኩት ግን አንድ መስመር እንኳ የለም። ይህን ለአከራዬ ገና የገባሁ ዕለት ነግሬያቸው ነበር። «አንተ ደግሞ! በሬ ያከመ ሰው ወፍ ያቅተዋል?» አሉኝና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ዶክተር» ሆንኩ። ያለኝ ዲፕሎማ ብቻ እንደሆነ ደጋግሜ ባስረዳም ሰሚ አላገኘሁም፤ ትንሽ ቆይቼ እኔም ማስረዳቱን ተውኩት።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከገበያው በላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። ቤቱ የአባታቸው ነው። በቀቀኖቹን ያመጧቸው ባልየው ነበሩ። ሁሩሙ አጠገብ ለቡና ቦታ ሲመነጠር አንድ ትልቅ ዛፍ ይወድቃል፣ ግንዱ ውስጥ ካለው ቀዳዳ ላባ ያላወጡ ሁለት ጫጩቶች ይገኛሉ፣ ሰውየውም በኮታቸው ኪስ ከተው ይዘዋቸው ይመጣሉ። አድገው አረንጓዴ ሆኑ፣ ግንባራቸው ላይ ቢጫ ጣል ያለባቸው። አንደኛው ዝምተኛ ነው፤ ሲናደድ ብቻ ያፏጫል። ሁለተኛዋ ታወራለች። ስለምታወራ ሴት ናት ተባለ። የበቀቀን ሴትና ወንድ በዓይን አይለይም፣ ዶክተር ተብዬው እኔም መለየት አልቻልኩም። ቤተሰቡ አንቺ ስለሚላት እኔም አንቺ አልኳት።

የምታውቀው ቃል ብዙ አልነበረም። ከሁሉ የምትወደው «ቤቶች!» የሚለውን ነው፣ ከደጅ የቆመ ሰው የሚጣራውን። የመቱን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ዝናብ በመጣ ቁጥር መንገደኛው ያገኘው ግቢ ገብቶ ከጣሪያ ጥግ ይጠለላል፤ ሲገባ ታዲያ ዝም ብሎ አይገባም፣ «ቤቶች!» ይላል። ወፏ ከልጅነቷ ጀምሮ ነጎድጓዱን ስትሰማ ተከትሎ «ቤቶች!» ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ገና ሰማዩ ሲያጉረመርም እሷ ትቀድማለች። «ቤቶች!» ትልና መልስ ስታጣ «አከም ጅርቱ!» ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ትሞክራለች። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ደብዳቤውን ሁሉ በኦሮምኛ ይጽፍ ስለነበር፣ እኔም ጎሬ ተወልጄ መናገሩ ባያቅተኝም መጻፉ ስለሚያደናቅፈኝ፣ አከራዬ «በአንተ ፈንታ እሷን በቀጠሯት» እያሉ ይሥቁብኝ ነበር።

በገባሁበት ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ በረዶ ወረደ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በረዶ ሲወርድ ሰው ጎኑ የተቀመጠውን ሰው እንኳ አይሰማም። ወፎቹ በረንዳ ላይ ነበሩ። ደርሰን ስናያቸው ዝምተኛው ከሽቦው ጋር ሲላተም ቆይቶ የክንፉ ላባ ከሥሩ ተሰብሯል፣ ደሙ ይንጠባጠባል። አከራዬ «ወየው!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። እኔ ዱቄት አስመጥቼ ቁስሉ ላይ ነሰነስኩና በጣቴ ይዤው ቆየሁ። ደሙ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ይህን ያወቅኩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ እናቴ ጥፍሯ የደማ ዶሮ ስታክም አይቼ ነው። ከዚያ በኋላማ ዶክተርነቴን ማን ይንካው!

ሌላውን እየተሳሳትኩ ተማርኩት። መጀመሪያ የሽቦ ቤታቸውን ሙሉ በሙሉ በጋቢ ሸፈንኩት፤ ጨለማው ይብስ አሳበዳቸው። ሦስቱን ጎን ሸፍኜ አንዱን ስተወው ግን ረጋ አሉ። ሰማዩ ሳይፈነዳ በፊት ወደ ጓዳ ማስገባት አለብኝ፤ ከጀመረ በኋላ ከሆነ ማንቀሳቀሱ ራሱ ያስደነግጣቸዋል። የቆርቆሮ የውሃ ጣሳቸው ስለሚንኳኳ ይወጣል። ፋኖስ ይበራል፣ ክፍሉ ብርሃን ካለው መብረቁ ሲብለጨለጭ ያን ያህል አይደነብሩም። የመስኮቱ ስንጥቅ በጆንያ ይደፈናል። መስታወት በመብረቅ ጊዜ መሸፈን የአገሩ ልማድ ስለሆነ አከራዬ ለመብረቁ ብለው ይሸፍኑታል፣ እኔ ደግሞ ወፎቹ የራሳቸውን ጥላ አይተው እንዳይደነግጡ፤ በዚህ ተስማማን። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጋሼ «ሽቦ መብረቅ ይጠራል፣ አውጥታችሁ ጣሉት» ሲሉ አከራዬ «እርስዎ መጀመሪያ የጣሪያዎን ቆርቆሮ ያውጡ» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ከሁሉ የገረመኝ፣ ወፎቹ ነጎድጓዱን ከሚፈሩት የበለጠ የሚፈሩት የግቢው በር በነፋስ ሲላተም መሆኑ ነው። ስለዚህ ዝናብ ሲመጣ የግቢውን በር ከውስጥ በመወርወሪያ መዝጋት ሥራዬ ሆነ።

ከዚያ ደግሞ ድምፅ። ማንሾካሾክ አይጠቅምም፣ ዝናቡ ይውጠዋል። ዘወትር የሚሰሙት ሰው ጮክ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ሲያወራ ይሰክናሉ። የእኔን ድምፅ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር። የአከራዬ ግን ይሠራል። ወፏ ስታበዛው «ዝም በይ አንቺ!» ሲሏት አንገቷን ቀብራ ዝም ትላለች።

አሁን ወደ እህትየዋ ልምጣ። አከራዬ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፣ ቡሬ ያገባች፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ። እኔ ከመምጣቴ በፊት አባታቸው ሲሞቱ ክረምት ነበር። በእስልምና ሬሳ አይቆይምና ጠዋት ያረፉት ሰው ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። ታናሽየው የተሳፈረችበት መኪና ጭቃ ላይ ተይዞባት፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታ ስትደርስ አፈሩ ተመልሷል። «አንድ ቀን መጠበቅ አቃተሽ?» ብላ እዚያው ለቅሶው ላይ ጮኸች። አከራዬም በሐዘን የተቃጠሉ ነበሩና «ቀድመሽ መምጣት ነበረብሽ» አሏት። ይኸው ነው፣ ሌላ የለም። ይህን ተባብለው ሰባት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆዩ።

አከራዬ ስሟን አያነሱም፤ «ያቺ» ነው የሚሏት። ግን ኢድ በደረሰ ቁጥር ከሱቃቸው አንድ ሻሽ ለይተው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ። የመጀመሪያው ዓመት ለራሳቸው መስሎኝ ነበር። አራተኛው ላይ ሳጥኑ ሲከፈት አየሁት፣ ያልተለበሱ ሻሾች ተደርድረዋል። ለማን እንደሚቀመጡ ያኔ ገባኝ።

በዚያው በአራተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቡሬ ድረስ ሄደው ታናሽየውን ለመኑ። እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፣ «በሩን እሷ ራሷ ትክፈትልኝ፤ ሌላ ሰው ቢከፍትልኝ እመለሳለሁ»። አከራዬ ይህን ሲሰሙ ሣቁ። ሣቁና ደግሞ አለቀሱ። «ይቺ እልኸኛ፣ ከድሮም እንዲህ ናት» አሉ። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ሱቁ ተዘጋ። አከራዬ ከማለዳ ጀምሮ በረንዳው ላይ ናቸው፣ ዶሮው ተሠርቶ ያለቀው ገና በአራት ሰዓት ነው። የመጀመሪያው የቡሬ መኪና ገባ፣ አልነበረችበትም። ሁለተኛው መንገድ ላይ ጭቃ ይዞታል ተባለ። «እንደዚያን ጊዜው ነው» አሉ፣ ፊታቸው ልውጥ አለ። «ዛሬ ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ እጠብቃታለሁ፣ ዓመትም ቢሆን እጠብቃታለሁ።» እኔ ደመናውን አይቼ ከመሥሪያ ቤት ቀደም ብዬ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስደርስ ነፋሱ ተነሥቶ የገበያውን ፌስታል ሁሉ ሽቅብ ይዞት ሄዷል።

«እትዬ፣ ይግቡ፣ ወፎቹን እናስገባ» አልኳቸው።

«እሷ ብትመጣስ?»

«ብትመጣ ትጣራለች።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የሽቦ ቤቱን ወደ ጓዳ አስገባን፣ ጣሳው ወጣ፣ ጋቢው ተጣለ፣ ፋኖሱ በራ። መስኮቱን ደፈንኩ። ወጥቼ የግቢውን በር በመወርወሪያ ዘጋሁ። ወዲያው ወረደ፣ መጀመሪያ ዝናብ፣ ከዚያ በረዶ። ወፏ ጀመረች። «ቤቶች! ቤቶች!»

አከራዬ ዘለው ተነሡ። ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው በዚያ በረዶ ሮጠው የግቢውን በር ከፈቱ። ማንም የለም። ተመልሰው ገና ሳይቀመጡ «ቤቶች!» ተባለ። አሁንም ሮጡ። አሁንም ማንም የለም፤ ሁለቱንም ጊዜ እየተከተልኩ በሩን መልሼ ቀረቀርኩት። ሲመለሱ ከራስ ጠጉራቸው እስከ እግራቸው ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። ደጁ በተከፈተ ቁጥር ነፋሱ ስለሚገባ ወፎቹ ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ያብዳሉ። ዝምተኛው ያን ድሮ ላባው ተሰብሮበት የነበረ ክንፉን እንደገና መምታት ጀመረ። እኔም ተናደድኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሡ ደጁ ላይ ቆምኩባቸው።

«እትዬ፣ ወፏ ናት እኮ! እርስዎ በሮጡ ቁጥር ይብስባቸዋል። ይልቅ በድምፅዎ ነው የምትረጋው፣ ጮክ ብለው ይገሥጿት።»

በረዶው ለአፍታ ጋብ አለ። በዚያች አፍታ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከጓዳ ይሁን ከውጭ አልለየሁትም፤ እውነት ለመናገር ለመለየትም አልሞከርኩም። አከራዬ ትዕግሥታቸው አልቆ፣ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«ዝም በይ አንቺ! ማንም አይከፍትልሽም! ሂጂ ወደ ቦታሽ!»

ወደ ቦታሽ ያሉት በቀቀኗ የምትቆምበትን እንጨት ነው። ወፏ ወርዳ እንጨቷ ላይ ቆመች። ዝምተኛውም ረጋ። ዳግመኛ «ቤቶች!» የሚል አልተሰማም። «አየሽ ዶክተርሽን!» አልኳት ወፏን፣ በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር።

ዝናቡ አባርቶ በሩን ስንከፍት መንገዱ ላይ ውሃ ብቻ ነው የሚወርደው። አከራዬ እንደ ቃላቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ በረንዳው ላይ ቆዩ። ከዚያ ገብተው ዶሮውን ለጎረቤት ላኩት። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ለዕርቁ ዱዓ ሲመጡ «አልመጣችም» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹም ቡሬ ልከው ታናሽየውን ቢያስጠይቁ «ሁለተኛ ስሟን እንዳታነሡብኝ» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰችም። እነሱም ተቀይመው ተዉት።

በሰኔ ለክትባት ወደ ኡካና ወደ ቡሬ ወጣን። ቡሬ ላይ ከብቱ ተሰልፎ፣ መርፌውን ይዤ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሴት ጊደር እየጎተተች መጣች። ገና ሳያት የማን እህት እንደሆነች አወቅኩ፤ አገጫቸው አንድ ነው። እሷም የት እንደምኖር ሰምታለች። ጊደሯን ወግቼ ስጨርስ አልሄደችም።

«እህቴ ደህና ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናቸው። ምነው ቀረሽ? ቀኑን ሙሉ ጠበቁሽ እኮ።»

ፊቷ ደም ለበሰ። «ቀረሽ? ነገረችህ እንዲህ ብላ? መጥቻለሁ! በዚያ በረዶ መጥቼ ደጇ ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ተቀርቅሯል። በገዛ አባቴ ቤት ደጃፍ እንደ መንገደኛ ቤቶች ብዬ ተጣራሁ። ድምፅዋን አላጣውም፣ ከውስጥ ሆና ዝም በይ አለችኝ። ማንም አይከፍትልሽም፣ ሂጂ ወደ ቦታሽ አለችኝ። ወደ ቦታዬ መጣኋ፣ ምን ላድርግ!»

ወፏ ወንድ ተብላ ቢሆን ኖሮ «ዝም በል» ይባል ነበር፤ ያን ጊዜ ይህቺ ሴት ውጭ ሆና ስትሰማ የሚገሠጸው ሌላ መሆኑን ታውቅ ነበር። «በይ» ስለተባለ ግን ለእሷ ሆነ። በሩን የቀረቀርኩት እኔ፣ አከራዬን ያስቀመጥኩት እኔ፣ ጮክ ብለው ይገሥጹ ያልኩት እኔ። እዚያው በአንድ ቃል ልነግራት እችል ነበር። «ወፍ ናት» ማለት ብቻ ነው። ከኋላዋ አምስት ስድስት ባለ ከብት ቆሟል፣ አንዱ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ይላል። አልነገርኳትም። አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን መርፌ ሞላሁ። ቀና ስል ሄዳለች።

ለአከራዬስ? ያን ዕለት ስመለስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ደግሞ «ና እስቲ ዶክተር፣ ክንፉን እይልኝ» ብለው ዝምተኛውን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት። አየሁት፣ ድኗል። «አንተ ባትኖር እነዚህ ወፎች ያልቁ ነበር» አሉኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ሆነ። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው ሁሉ የሚሥቅብኝ መሰለኝ፣ በዚያ ቤት ያለኝ ክብርም የሚጠፋ መሰለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ዝናቡ በመጣ ቁጥር ያንኑ ሥራዬን ሠራሁ፣ ጋቢውን ጣልኩ፣ ፋኖሱን አበራሁ። ወፏ «ቤቶች!» ትላለች። አከራዬ አሁን አይነሡም። ግን በተጣራች ቁጥር ዓይናቸው ወደ በሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። አይ እኔ! ይህን እያየሁ ራቴን በላሁ።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ብርቱ ነፋስ ያለው ዝናብ መጥቶ እንዳበቃ አከራዬ በሩን እያዩ፣ ለእኔም ሳይሆን ለራሳቸው፣ «አንድ ቀን እንኳ ሳትመጣልኝ እሞት ይሆን?» አሉ። አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው። በሩን፣ ድምፁን፣ «ሂጂ ወደ ቦታሽ»ን፣ ጊደሯን። ይጮኻሉ፣ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ስለ ወፏ ያነሣሉ ብዬም ነበር። ስለ ወፏ አላነሡም።

«መቼ ነው ይህን ያወቅከው?» አሉኝ።

«በሰኔ።»

«በሰኔ» አሉ። በጣታቸው ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜን ቆጠሩ። ከዚያ ተነሥተው ጫማቸውን ፈለጉ። «ነገ ጠዋት አብሬዎት ልሂድ፣ እኔ ላስረዳት» አልኩ። ሳጥናቸውን ከፍተው ሻሾቹን በሙሉ በአንድ ጨርቅ ቋጥረው፣ ዝናቡ ገና እያካፋ ወጡ። የቡሬው የመጨረሻ መኪና ሊነሣ ሲል ደርሰው ተሳፈሩ አሉ፤ ያየ ሰው ነገረኝ።

ሦስት ቀን ቆዩ። ወፎቹን እኔ አበላሁ፣ በቆሎ እሸት ፈልፍዬ ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ የሁለት ሴት ሣቅ ሰማሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ታናሽየው ከነዚያ ሻሾች አንዱን አሥራለች። ስታየኝ ተነሥታ ጨበጠችኝ። «ወፍ ነው ያጣላን እኮ! ወይ ጉድ!» ብላ ከት ብላ ሣቀች። በእኔ ላይ ቂም የያዘች አትመስልም ነበር። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ አከራዬ ዞርኩ፣ እንዲቆጡኝም ተዘጋጅቼ ነበር። ከመቀመጫቸው ትንሽ ብድግ አሉልኝ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው።

«እንደምን ዋሉ፣ ዶክተር? ሻይ ይጠጣሉ?» አሉኝ።

አራት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ ኖረዋል። ሻዩን ጠጣሁት። በዚያ ቤት ሌላ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ክረምቱም በረዶውም መጥቷል፣ ወፎቹንም አብረን ሸሽገናል። አንድም ቀን ተመልሰው «አንተ» አላሉኝም።